ጋሽ ከድርና የባሕር ማዶው ትምህርት

ጋሽ ከድር ማረፋቸውን የነገረኝ ሰው የሚያወራኝ ስለ ዝናብ ነበር። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያገኘሁት የዴራ ነጋዴ ነው። ዴራ ዝናብ እንደጠፋ፣ ከብቱ ሁሉ ወደ ደጋ እንደተነዳ፣ አሰላ ግን ጭቃው እንደ ድሮው እንደሆነ ሲነግረኝ ቆየና፣ "ያ አስተርጓሚው ሰውዬ እንኳ አረፉ፤ የቀበርናቸው ዕለት ዝናቡ አላስቆም ብሎን ነበር" አለኝ። የትኛው አስተርጓሚ ብዬ አልጠየቅኩም። በአሰላ ፍርድ ቤት ሦስት አስተርጓሚዎች ነበሩ፤ ሰው "አስተርጓሚው" ሲል ግን አንድ ሰው ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጆቼ ወሬዬን እያቋረጡ የሚስቁብኝ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ብዙ ሰው ረስቻለሁ። አብረውኝ የተማሩትን እንኳ የአንዱን ስም ለሌላው እሰጣለሁ። ጋሽ ከድርን ግን አልረሳሁም፤ ብረሳቸው ይሻለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

አሰላ የደረስኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ታይፕ እመታለሁ፤ እንግሊዝኛም ትንሽ ትንሽ እሞካክራለሁ፤ በዚህ የተነሳ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ኦሮምኛ ግን አንድ ቃል አላውቅም። ከጎበሳና ከአርቦዬ የሚመጡ ባለጉዳዮች በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ሲያናግሩኝ አፍጥጬ ከማየት በቀር የምለው የለኝም። ያን ጊዜ ጋሽ ከድር ከየት መጡ ሳይባሉ ከጎኔ ይቆማሉ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነበሩ። የጭላሎ ተራራ ሥር ተወላጅ ናቸው። ነጭ ቆብ ያደርጋሉ፤ ለአሰላ ብርድ ከካፖርታቸው በላይ ጋቢ ይደርባሉ። ችሎት ላይ ሊያስተረጉሙ ሲሉ ከዳኛውም ከባለጉዳዩም ፊታቸውን መልሰው መስኮቱን ያያሉ። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ "በሬዬን ነዳብኝ" ካለ፣ በአማርኛ "በሬዬን ነዳብኝ" ነው የሚሉት። "ነዳብኝ ይላል" አይሉም። "እኔ" የተባለውን "እኔ" ብለው ያደርሳሉ። ሰውየው ሲያለቅስ እሳቸው አያለቅሱም፤ ግን ሰውየው ዝም ባለበት ቦታ ላይ ያንኑ ያህል ዝም ይላሉ። ይህንን እኔ ሌላ አስተርጓሚ ላይ አላየሁም።

አንድ ቀን የአርቦዬ አንድ አዛውንት ተፈረደባቸውና ንዴት አነቃቸው። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ኦሮምኛ የሚሰማው ሁሉ አቀረቀረ። ዳኛው ራሳቸው ኦሮምኛ አሳምረው ይሰማሉ፤ ነገር ግን የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ እንዳልሰማ ሰው ሆነው አስተርጓሚውን ይጠብቃሉ። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን "ፍርዱ አሳዝኖኛል ይላሉ" ብሎ ያልፈው ነበር። ጋሽ ከድር መስኮቱን እያዩ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "አንተ ገና ጡት ሳትጥል ነው እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጡህ" አሉ።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱት። "ምን አልክ አንተ?"

"እኔ ምንም አላልኩም ጌታዬ።"

"አሁን የተናገርከውስ?"

"እሱ የሳቸው ነው። እኔ እዚህ የለሁም።"

ዳኛው ለጥቂት ጊዜ አፈጠጡባቸው። ከዚያ ምን እንደታያቸው አላውቅም፣ ወደኔ ዞረው "መዝግበው" አሉኝ። መዘገብኩት።

ጋሽ ከድር ሥራ ሲጀምሩ ቁርአን ይዘው ምለዋል፦ ያልተባለውን ላይሉ፣ የተባለውን ላያስቀሩ። ሌሎቹም አስተርጓሚዎች ምለዋል፤ እነሱ ግን መሐላውን ማታ ቢሮ ትተውት ይሄዳሉ። ጋሽ ከድር ገበያም ቤትም ይዘውት ይዞራሉ። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው "እገሌ ሰላም አላለኝም?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ባይባልም "እንዴታ! ብሎሃል እንጂ!" ማለት ወግ ነው። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ጋሽ ከድር ከናዝሬት ሲመለሱ ጎረቤታቸው ወንድሙን እያነሳ ይጠይቃቸዋል። "አግኝቼዋለሁ፤ ደህና ነው" ይላሉ። "ሰላም አላለኝም?" "አላለም።" ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ይህን ሲሰሙ ያብዳሉ። "አንድ ሰላምታ ብትጨምር ምን ትሆናለህ? የሰው ሆድ ታስቀይማለህ!" ይሏቸዋል። "ቢልማ አደርስለት ነበር" ይላሉ ጋሽ ከድር፤ ከልባቸው እያዘኑ።

ዶክተር አንደርስ አሰላ የመጣው እኔ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት ያልዘለለው፣ ፀሐይ ፊቱን የላጠው፣ ጭቃ ላይ መውደቅን እንደ ትምህርት የሚቆጥር ፈረንጅ ነበር። አማርኛ ከመጽሐፍ ነው የተማረው፤ ሲናገር ስብከት የሚያነብ ይመስላል። አገሩ ካለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ እኛ አገር ቋንቋና ኑሮ የሚያስተምር ትንሽ ክፍል ለማቋቋም ነው የሚለፋው። ያለው አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያና አምስት ልማር ያሉ ልጆች ናቸው። የበላዮቹ ታዲያ፣ "መልካም፤ ማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ፤ ከዚያው አገር የተወለደ አንድ መምህር አምጣ፤ በሚመጣው ዓመት መጀመሪያ ካልተሟላ ክፍሉን ለሌላ ትምህርት እንሰጠዋለን" ብለውታል። ለምን አዲስ አበባን ትቶ አሰላ እንደመጣ ስጠይቀው፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ መንገድ ላይ ሲነገሩ መስማት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከጋሽ ከድር ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን አልሠመረም። ዶክተሩ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የድምፅ መቅጃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ "እባክዎ፣ 'አንበሳው ሰውየውን በላው' ይበሉልኝ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም" አላቸው።

"የትኛው አንበሳ?" አሉ ጋሽ ከድር።

"ማንኛውም አንበሳ።"

"የተበላውስ ሰው የማን ዘመድ ነው?"

"የማንም አይደለም። ምሳሌ ነው።"

"ታዲያ ይህን ቃል የተናገረ ሰው የለም ማለት ነው" ብለው እጃቸውን አጣጠፉ። ዶክተሩ በግ ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ ልጅቷ ውሃ ቀዳች እያለ ቀኑን ሙሉ ለመናቸው። አንዱንም አላሉም። ሊያስቸግሩት ፈልገው አይደለም፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር። እኔ ሳቄ አፈነኝና መዝገብ የማመጣ መስዬ ወጣሁ።

በማግስቱ መፍትሔውን ይዘው የመጡት ራሳቸው ጋሽ ከድር ናቸው። ሰው የተናገረው ቃል ከተፈለገ በአሰላ ሞልቷል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተሩን ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ የፍርድ ቤቱ ግቢ ያዞሩት ጀመር። የሰሙትን ያስጽፉታል፤ ማን እንደተናገረው፣ የት ሆኖ እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረው ጭምር። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ትምህርት በዚህ ምክንያት የሚጀምረው፣ ጉዳይዋን ስትጠብቅ ግቢው ውስጥ ቆማ በዋለች የጎበሳ ሴት ቃል ነው፦ "ከነጋ አልተቀመጥኩም።" ሁለተኛው፣ ለባሏ ገብስ ስታስፈጭ ወረፋ የተወሰደባት ሴት ቁጣ ነው። ዶክተሩ ለጀማሪ ይከብዳል ብሎ ራሱን ያዘ። ጋሽ ከድር ግን፣ "ተማሪዎችህ እዚህ ቢመጡ አንበሳ አያገኙም፤ የቆመች ሴት ግን ያገኛሉ" አሉት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ጥምቀት ሳይደርስ ሁለት ወፍራም ደብተር ሞላ።

ሊሄድ ሲል ነው የጠየቃቸው። "መምህሩ እርስዎ ይሁኑ" አላቸው፤ ለሁለት ዓመት፣ ከዚያም ቢፈልጉ ለበለጠ ጊዜ። ጋሽ ከድር በጣም ያስባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። "እሄዳለሁ" አሉ ወዲያው። ደንግጬ አየኋቸው። ልጆቻቸው ደርሰዋል፤ ወይዘሮ ፋጡማም ከብርዱ በስተቀር የሚፈሩት የለም፤ ግን እንደዚያ ይቸኩላሉ ብዬ አላሰብኩም።

ምክንያቱን የነገሩኝ በኋላ ነው። ከችሎት መልስ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እኔን ተማሪ አድርገው ማስተማር ይለማመዱ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ተውሰው መጡ። መጀመሪያ ቀን ጠመኔውን ይዘው ቆሙና ዝም አሉ።

"ምን ልበል?"

"የፈለጉትን" አልኳቸው።

"የማንን ቃል?"

"የራስዎን ነዋ ጋሽ ከድር።"

እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ከዚያ ተመለሱ። "አኒ ከድር" አሉ። እኔ ከድር ነኝ ማለት ነው። ትንሽ ቆይተው፣ "አባቴ ቀይ ፈረስ ነበረው" አሉ፤ ቀጥለውም ፈረሱ እንዴት እንደሞተ፣ አባታቸው ለስንት ቀን እህል እንዳልቀመሱ ነገሩኝ፤ ቃሉን በኦሮምኛ እያሉ፣ በአማርኛ እየፈቱ፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ። እንደሳቸው ያለ መምህር አላጋጠመኝም። በሁለት ወር ውስጥ ገበያ ወጥቼ በኦሮምኛ መከራከር ጀመርኩ። ሰሌዳውን ሲያጠፉ ነው አንድ ቀን፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ 'እኔ' ስል ሌላ ሰው ነበርኩ" ያሉኝ። "ገድያለሁ ብያለሁ። አልገደልኩም ብያለሁ። መሬቴን ብያለሁ፣ ሚስቴን ብያለሁ። ከመሞቴ በፊት ሰው ፊት ቆሜ የራሴን ብናገር ደስ ይለኛል።" አንጀቴን በሉት። እንዲሄዱ ከሳቸው ይልቅ እኔ ቸኮልኩ።

ከዩኒቨርሲቲው የሚሞላ ቅጽ መጣ፤ በእንግሊዝኛ። የምሞላው እኔ ነኝ። የትምህርት ደረጃ የሚለው ላይ ስደርስ ጠየቅኳቸው።

"ቁርአን ቤት አራት ዓመት" አሉ። "የአማርኛውን ፊደል እዚሁ መዝገብ ቤት ነው የቆጠርኩት፤ የድሮ መዝገብ እያገላበጥኩ። ሌላ የለም። እንዳለ ጻፈው።"

እኔ ግን "ስምንተኛ ክፍል ጨርሰዋል" ብዬ መታሁት። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ቦታ ከመዝገብ ቤት ፊደል የቆጠረን ሰው ደጁን ያስረግጣል ብዬ አላመንኩም። ለሳቸው ብዬ ነው፤ ዛሬም ይህን እላለሁ፤ ለሳቸው ብዬ መሆኑ ግን ምንም አይለውጥም። ምን እንደጻፍኩ አልጠየቁኝም። ሌላው የተናገረውን እንዳለ ማድረስ ለሳቸው እንደ መተንፈስ ስለሆነ፣ እኔም እንደዚያ የማደርግ መስሏቸው ነው። ብዕሩን ተቀብለው፣ ፊደል በፊደል፣ ተጠንቅቀው ፈረሙ።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣላቸው። ዶክተሩ በራሱ እጅ በአማርኛ የጻፈው ስለሆነ አንባቢ አላስፈለጋቸውም። ኮሚቴው በማመልከቻዎ ተደስቷል ይላል፤ የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀትዎን ቅጂ ይላኩልን ይላል። ጋሽ ከድር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው አስቀመጡት።

"ይህ ለኔ የተጻፈ አይመስለኝም" አሉ። "ስሙ የኔ ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው።"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ከድር። እንዲሳካልዎ ብዬ ነው።"

ባለጉዳዮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። እኔ ዝምታውን ፈርቼ ለፈለፍኩ፤ ችግር የለውም አልኩ፤ ወዳጅ አለኝ፣ ወረቀቱን በሁለት ቀን ያሠራልናል፣ ማን ያያል አልኩ።

"እዚያ ሄጄ ልጆቹ ፊት ቆሜ 'እኔ' ስል፣ የትኛውን ነው የምለው ታዲያ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንተ የጻፍከውን ነው ወይስ እኔን?"

"በል ወረቀት አውጣ" አሉኝ። የሚሉትን ጻፍኩ፦ በቅጹ ላይ ስምንተኛ ክፍል የተባለው እውነት አይደለም። ቁርአን ቤት አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ፊደል በሥራዬ ላይ ተማርኩ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

"የሞላው ጸሐፊው ነው ብዬ ልጨምርበት?" አልኳቸው።

"ይህ የኔ ቃል ነው፤ አለቀ። አንተ የሠራኸውን አንተ በራስህ ደብዳቤ ጻፍ።"

"እጽፋለሁ" አልኩ። ደብዳቤያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ራሳቸው ፖስታ ቤት ወሰዱት።

የዶክተሩ መልስ የደረሰው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጋሽ ከድር እኔም እንዳነበው ሰጡኝ። ስምንተኛ ክፍል የጠየቀ ሰው አልነበረም ይላል። ያ መስመር ቅጹ ላይ የታተመው ለትልልቅ ሹማምንት ተብሎ ነው፤ ኮሚቴው ቁርአን ቤት መማራቸውን መጀመሪያ ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር። አሁን ግን በአንድ ስምና በአንድ ፊርማ ሁለት የተለያየ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የትኛውን እንደሚያምኑ አላወቁም። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሞላው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ያ ሰው እንዴት እንደሞላው በራሱ እጅ ጽፎ ቢያስረዳ ነገሩ ያልቃል፤ ኮሚቴው እስከ መስከረም ይጠብቃል። ዶክተሩ መጨረሻው ላይ፣ "እለምናለሁ" ብሎ ጽፏል።

አንብቤ መለስኩላቸው። አንድም ነገር አላሉኝም፤ እንድጽፍም አላሳሰቡኝም። እጽፋለሁ ብያለሁ፤ ለሳቸው ያ በቂ ነበር።

አልጻፍኩም። ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቶ የተቀጣን ሰው ፍርድ በታይፕ የመታሁት በዚያው ወር ነው። ደብዳቤዬ ተመልሶ በሆነ መንገድ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ቢወድቅስ አልኩ። ሥራዬን ባጣስ፣ ብታሰርስ፣ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ብትሰማስ? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ነገ እላለሁ። ዝናቡ ሲያባራ እላለሁ። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ አለፈ፤ ጭላሎ ከጉሙ ወጥቶ መታየት ጀመረ፤ መስከረም ገባ፤ እኔ አሁንም ነገ ላይ ነበርኩ።

በጥቅምት ዶክተሩ ጻፈ። ከአዲስ አበባ ዲፕሎማ ያለው አንድ ጎበዝ ወጣት ወስደዋል። ክፍሉ ተከፍቷል፤ ስድስት ተማሪዎች አሉት፤ የሚማሩትም በጋሽ ከድር ደብተሮች ነው። ትምህርቱ ዳነ፤ እሳቸው ቀሩ። ጋሽ ከድር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ "ስድስት ሆኑ? አምስት ነበር ያለው፤ አንድ ጨመረ" አሉ። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ምናልባትም ብሏቸዋል። ሰሌዳውን ለባለቤቱ መለሱ። ካፖርታቸውንና ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ችሎት ገቡ፤ እንደ ድሮው ያልገደሉትን ሲገድሉ፣ የሌላቸውን መሬት ሲቀሙ ዋሉ። ዶክተሩ አዲስ ቃል ላኩልኝ ሲላቸው ከገበያ እየለቀሙ ይልኩለታል፤ ማን እንደተናገረው ጭምር። አጽፈውኝ እንኳ ያውቃሉ። ከኔ ጋር አልተጣላንም፤ ሻይ አብረን እንጠጣለን፤ እናወራለን። ኦሮምኛ ግን ከዚያ ወዲህ አላስተማሩኝም፤ እኔም አስተምሩኝ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ፤ የሳጥኔን አንድ ጎን እሳቸው ይዘው። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲያስር ቆመን ጠበቅን። በዚያ ሰዓት ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ።

"ጋሽ ከድር" አልኩ፤ "ያንን ደብዳቤ አልጻፍኩትም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ አይደለሁም? በየሐሙሱ ከረጢቱን ከማስረከቤ በፊት አየው ነበር። የለም። በራሱ ልኮት ይሆናል ብዬ የፖስታ ቤቱን ሰውዬ ጠየቅኩት። አልላከም አለኝ።"

ቁጣ አልነበረባቸውም። ፊቴን ነበር የሚያዩት።

"እስከ መስከረም ጠበቅኩህ" አሉኝ።

ረዳቱ ከላይ ሆኖ "ሳጥኑን አቀብሉ!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው አንዱን ጎን ያዙ፤ ሌላውን እኔ ያዝኩና አብረን አነሳነው።